መሰላል፣ ኮን ወይስ መብራት? የቅልጥፍና መለማመጃ መሣሪያ ሲመረጥ

አንድ ተከላካይ ኳስ ይዞ የሚመጣበትን አጥቂ እያየ ወደ ኋላ ይሸሻል። አጥቂው ትከሻውን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ በቀኝ ሲሾልክ፣ ተከላካዩን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሦስት ሥራ ይጠብቀዋል፤ ማታለያውን ከእውነተኛው እንቅስቃሴ መለየት፣ ወደ ኋላ እየሄደ ያለውን ሰውነቱን ማቆም፣ ከዚያም በአዲሱ አቅጣጫ መፈትለክ። ከሦስቱ አንዱ ከዘገየ ሌሎቹ ሁለቱ ቢፈጥኑም አጥቂው አልፏል።

በስፖርት ሥልጠና ቅልጥፍና የሚባለው ይህ ነው። ሼፓርድና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ቅልጥፍናን ሲተረጉሙ፣ መላው ሰውነት ለአንድ ቀስቃሽ ነገር ምላሽ ለመስጠት ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን ባጭር ጊዜ መቀየሩ ነው ብለዋል። ቀስቃሹ ኳስ፣ ተጋጣሚ ወይም ድምፅ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ በሚታወቅ መስመር ኮን (ሜዳ ላይ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ምልክት) እየዞሩ መሮጥ ግን፣ ምንም ያህል ቢፈጥኑ፣ አቅጣጫ የመቀየር ፍጥነት እንጂ ሙሉ ቅልጥፍና አይደለም። ሯጩ የት እንደሚዞር ከመነሳቱ በፊት ያውቀዋልና።

ይህ ልዩነት መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ «የቅልጥፍና» ተብሎ ይሸጣል እንጂ አንዱ የሚያሠለጥነው የእግርን ምት ነው፤ ሌላው መነሻ ላይ ያለውን ግፊት፣ ሌላው ደግሞ ዓይንን ብቻ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ሠልጣኙ የሚዘገየው የቱ ላይ ነው የሚለው ነው። አይቶ ለመወሰን ይዘገያል? ለማቆም ይቸገራል? ወይስ ከቆመ በኋላ ለመነሳት? ባለ ስልክ ሰው ሁሉ ይህን መለየት ይችላል። ሠልጣኙን ከጎን ሆኖ መቅረጽና ቪዲዮውን በዝግታ ማየት ነው።

መሰላሉ የሚሰጠውና የማይሰጠው

መሬት ላይ የሚዘረጋው መሰላል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሜትር ይረዝማል፤ ከ10 እስከ 12 አግዳሚዎችም ይኖሩታል። በሁለት አግዳሚዎች መካከል ያለው ቤት ለአዋቂ ከ38 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ለሕፃናት ወደ 30 ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ቤቱ ከሠልጣኙ እርምጃ ጋር ካልተመጣጠነ ትንሹ ልጅ ለመድረስ ይዘላል፣ ረጅሙ ሰው ደግሞ እግሩን ይሰበስባል። ሁለቱም ከዚያ የሚማሩት የተበላሸ ምት ነው።

አግዳሚው ጠፍጣፋ ይሁን፤ ክብ ቱቦ የሆነውን አይግዙ። ክቡ ሲረገጥ ይንከባለላል፣ ቁርጭምጭሚትም አብሮ ይጠመዘዛል። ጠፍጣፋውንም ቢሆን በእጅ ይዞ መፈተን ያስፈልጋል። አንዱን አግዳሚ በሁለት አውራ ጣት መሃሉ ላይ ደግፈው ጫፎቹን ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ያጉብጡት። ጥሩ ፕላስቲክ ይጎብጥና ሲለቁት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የተጎበጠበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ መስመር ከወጣ ግን ፕላስቲኩ ደረቅ ነው። ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲረገጥ በዚያው መስመር ይሰበራል፣ የተሰበረው ጠርዝም ቆዳ ይቆርጣል።

አግዳሚዎቹ በናይለኑ ጠፍር ላይ የሚንሸራተቱበት ዓይነት ለሕፃናትም ለአዋቂም ስለሚስተካከል ይመረጣል። ጉድለቱ ከጥቂት ቀን ልምምድ በኋላ አግዳሚዎቹ ከቦታቸው መሸሻቸው ነው፤ አንዱ ቤት 36 ሲሆን ቀጣዩ 47 ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠፍሩ ላይ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ በማይለቅ ማርከር ምልክት ያድርጉና ከልምምድ በፊት አግዳሚዎቹን ወደ ምልክታቸው ይመልሱ። ሳር ላይ አራቱን ማዕዘን በካስማ ይወጥሩት፤ የካስማው ራስ ከመሬት በላይ እንዳይቀር። ለስላሳ ወለል ላይ ደግሞ በፕላስተር ያጣብቁት፤ ያልተወጠረ መሰላል ጫማ ላይ ይጠመጠማል። ሲሰበሰብ አይጠቅለል፤ አንዱ አግዳሚ በሌላው ላይ እየተደረበ ይታጠፍና በቬልክሮ ይታሰር። የተጠቀለለ መሰላል በሚቀጥለው ቀን ሩብ ሰዓት ይበላል።

መሰላል የሚያሠለጥነው የእግርን ምትና ቅንጅት ነው፦ የትኛው እግር መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ከእጅ ጋር እንዴት። በመሰላል ውስጥ ግን ሰውነት ፍሬን አይዝም። ዳሌ ብዙም ዝቅ አይልም፣ መሬትም በኃይል አይገፋም። ስለዚህ መሰላል ላይ እንደ ስፌት መኪና የሚረግጥ ልጅ ሜዳ ላይ ሲዞር ቀርፋፋ ሆኖ ቢታይ ሊገርመን አይገባም። ከሰውነት ማሟሟቂያ በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ከተሠራበት በቂ ነው፤ ግማሽ ሰዓት መሰላል ላይ ማሳለፍ ጊዜ ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

አዲስ የእግር አጣጣል መጀመሪያ በእርምጃ ይሠራ፣ ቀጥሎ በግማሽ ፍጥነት። ሁለት ዙር ያለ ስህተት ካለፈ በኋላ ብቻ ፍጥነት ይጨመር። ትልቁ ስህተት አንገት ደፍቶ እግርን ማየት ነው፤ ጨዋታ ላይ ዓይን መሬት ላይ አይተከልምና። አሰልጣኙ ከመሰላሉ ጫፍ ቆሞ ጣቶቹን እየቀያየረ ያሳይ፣ ሠልጣኙም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ። መጨረሻው ቤት ላይ ሲደርስ አሰልጣኙ በእጁ ግራ ወይም ቀኝ ይጠቁመውና ሠልጣኙ በዚያ አቅጣጫ 5 ሜትር ይፈትለክ። በዚህች ጭማሪ ብቻ መሰላሉ ከእግር ጭፈራ ወደ ቅልጥፍና ልምምድ ይጠጋል።

የመዝለያ ገመድም ለቅንጅት ከመሰላል አያንስም። መሃሉን በአንድ እግር ረግጠው እጀታዎቹን ወደ ላይ ሲስቡ ብብት አካባቢ ከደረሱ ርዝመቱ ልክ ነው።

ኮንና ሜትር

አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ኮን ይግዛ። ጠፍጣፋው ኮን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመትና 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሃያ ያህል፣ ቢቻል በሦስት ቀለም የተከፋፈለ፣ ለአንድ ትንሽ ቡድን ይበቃል። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ኋላ እንደምናየው የምላሽ ልምምድ መሥሪያ ነው። ኮኑን በመዳፍ ጨፍልቀው ይልቀቁት። ወዲያው ከተነሳ ይግዙት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ጎድጉዶ ከቀረ ይተዉት። በሚያንሸራትት የአዳራሽ ወለል ላይ ለስላሳውም ኮን አደገኛ ነው፤ የረገጠው ሰው አብሮት ይንሸራተታል። እዚያ የሚያስፈልገው መሬት የሚይዝ ጠፍጣፋ የጎማ ምልክት ነው።

ኮን ያለ ሜትር ግማሽ ዕቃ ነው። በእርምጃ የተለካ 5 ሜትር ዛሬ 4.60፣ በሳምንቱ 5.30 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ «ተሻሻለ» የተባለው ልጅ የሮጠው አጭር መንገድ ሆኖ ይገኛል። የታወቁት ፈተናዎች ርቀታቸው የተወሰነ ነው። በሦስት ኮን የሚሠራው የደርሶ መልስ ሩጫ ከመሃል ተነስቶ 4.57 ሜትር ወደ አንድ ጎን፣ 9.14 ሜትር ወደ ተቃራኒው፣ ከዚያ 4.57 ሜትር ወደ መሃል ነው፤ በያርድ 5፣ 10 እና 5 ማለት ነው። የቲ ቅርጹ ፈተና 9.14 ሜትር ወደ ፊት አስሮጦ ግራና ቀኝ በ4.57 ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ኮኖችን በጎን እርምጃ ያስነካል። የኢሊኖይ ፈተና 10 በ5 ሜትር የሆነ ሜዳ ይፈልጋል፤ መሃል ላይ በ3.3 ሜትር ልዩነት አራት ኮኖች ይደረደራሉ። ረጅም ስለሆነ ጥሩ ሯጭ መዞር ሳይችል ጥሩ ሰዓት ሊያስመዘግብበት ይችላል። የመዞርን ችሎታ ለብቻ ማየት ለሚፈልግ 505 የተባለው ይሻላል። ሠልጣኙ 10 ሜትር ተንደርድሮ ሲያልፍ ሰዓት ይጀመራል፣ 5 ሜትር ሄዶ መስመሩ ላይ ይዞራል፣ 5 ሜትር ሲመለስ ሰዓት ይቆማል። በግራ እግርና በቀኝ እግር ለየብቻ ማዞር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ባለቤቱንም ያስደንቀዋል።

ኮኑ እግር የሚተከልበት ቦታ ላይ አይቀመጥ። መዞሪያው መስመር ይሁን፣ ኮኑ ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ያህል አልፎ ይቁም፤ አለበለዚያ በሙሉ ኃይል ፍሬን የሚይዘው እግር ፕላስቲክ ላይ ያርፋል።

እዚሁ ፍሬን ላይ ትንሽ እንቆይ። ከመዞሩ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት እርምጃዎች ይጠሩ፣ ዳሌ ዝቅ ይበል። ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ አብዛኛውን ፍጥነት ይብላ፣ የመጨረሻው እርምጃ ለመዞሪያው ግፊት ይቆየን። ጉልበት ከእግር ጣቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይውደቅ። ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ መጥቶ በአንድ ቀጥ ያለ እግር የሚያቆም ልጅ ጉልበቱን ለአደጋ እያጋለጠ ነው። የጉልበት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሰው ሳይነካን፣ ስንዞር ወይም ከዝላይ ስናርፍ ነው። ስለዚህ አዲስ ሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሮጦ መቆም ብቻ ይለማመድ። 5 ሜትር ሮጦ በሦስት እርምጃ ይቁም፣ ሁለት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ይቆይ። መቆም የማይችልን ሰው በፍጥነት ማዞር ጉዳትን መጥራት ነው።

ትናንሽ መሰናክሎችን በአጭሩ እንለፋቸው። 15 ሳንቲ ሜትሩ ለፈጣን እግር፣ 30ው ለዝላይ ይሆናል፤ ስድስት ይበቃሉ። ዋናው መመዘኛ ሲነኩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መውደቃቸው ነው። በአንድ በኩል ብቻ የሚወድቅ ወይም ከባድ ብረት የሆነ መሰናክል እግር ጠልፎ ይጥላል።

አይቶ መወሰን

ሰው ብርሃን አይቶ ቀላል ምላሽ ለመስጠት ከ0.20 እስከ 0.25 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ለድምፅ ትንሽ ያንሳል። በአጭር ርቀት ሩጫ ከመነሻው ድምፅ በኋላ 0.100 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ቀድሞ እንደተነሳ ይቆጠራል፤ ሕጉ ማንም ሰምቶ ከዚያ በፊት ሊነሳ አይችልም ከሚል የመጣ ነው። በልምምድ ይህችን መነሻ ጊዜ ብዙ መቁረጥ አይቻልም። መቁረጥ የሚቻለው የምርጫውን ጊዜ ነው። አማራጭ ሲበዛ ምላሽ ይዘገያል፤ ይህን ሂክ የተባለ ተመራማሪ በ1952 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስለዚህ ልምምዱ ከሁለት አማራጭ ተነስቶ ወደ ሦስትና አራት ያድጋል።

የምላሽ መብራቶች፣ ማለትም ሲበሩ ሠልጣኙ ወደ በራው የሚሮጥባቸው ትናንሽ መብራቶች፣ ዓይን ይማርካሉ፤ ዋጋቸውም ከሌላው ሁሉ በላይ ነው። የሚገዛ ሰው እነዚህን ያረጋግጥ። ቢያንስ አራት ይሁኑ፤ ሁለት ከሆኑ ሠልጣኙ ቀጣዩን ይገምታል። በቀትር ፀሐይ ደጅ አውጥቶ ማብራት ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ደምቆ የታየ መብራት ሜዳ ላይ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚበራበት ጊዜና ቦታ በዘፈቀደ መለዋወጡን፣ ከስልኩ ምን ያህል ሜትር ርቆ እንደሚሠራ፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይመልከቱ። ስልክ ላይ ካለው መተግበሪያ ውጭ ራሱን ችሎ ይሠራ እንደሆነም ይጠይቁ። መተግበሪያው የተቋረጠ ዕለት መብራቱ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ ቢሟላም መብራት የሚያስተምረው ለብልጭታ መነሳትን ነው። ተጋጣሚ ብልጭ አይልም፤ ዳሌውን ያዞራል፣ ትከሻውን ይሰብራል። ያንን ማንበብ የሚማሩት ከሰው ነው።

ስለዚህ ከመብራት በፊት ሰው እንላለን። በ5 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ያስምሩ፣ ሁለት ሠልጣኞችን በመሃሉ በ2 ሜትር ልዩነት ፊት ለፊት ያቁሙ። አንዱ ወደ ጎን ይመራል፣ ሌላው እንደ መስታወት ይከተላል። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ እረፍት። ተከታዩ የመሪውን እግር ሳይሆን ዳሌውን ይይ፤ እግር ያታልላል፣ ዳሌ ግን ሰውነት የሚሄድበትን ይናገራል።

የቴኒስ ኳስም ድንቅ መሣሪያ ነው። አሰልጣኙ በሁለት እጁ አንዳንድ ኳስ ይዞ ክንዱን በትከሻ ቁመት ይዘርጋ። ሠልጣኙ 3 ሜትር ርቆ ይቁም። አንዱ ኳስ ሲለቀቅ ሁለተኛ ነጥሮ ሳያርፍ ይያዝ። በተከታታይ ሦስቴ ከያዘ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይሽሽ። ኳሱ ሁለተኛ የሚነጥረው በወለሉ ልክ ስለሆነ ወለል ሲቀየር ርቀቱ እንደገና ይስተካከል። አሰልጣኙ እዚህ የሚሠራው ስህተት ከመልቀቁ በፊት የሚለቀውን ክንድ ዝቅ ማድረግ ወይም ሁልጊዜ በእኩል የጊዜ ልዩነት መልቀቅ ነው። ሠልጣኙ ያኔ ኳሱን ትቶ አሰልጣኙን ያነባል። የኮን ቀለም ጠርቶ ሠልጣኙን ወደዚያ ማስሮጥም እንዲሁ ነው፤ በጥሪዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ይለያይ።

ጉብጉብ ያለባት የምላሽ ኳስ የት እንደምትነጥር ስለማይታወቅ ለእጅና ለዓይን ጥሩ ናት። ግን ጠንካራ ወለል ትፈልጋለች፤ ሳር ላይ ትሞታለች። ለሕፃናት ለስላሳዋን ይምረጡ፤ ጠንካራዋ ጎማ ከቅርብ ተወርውራ ዓይን ወይም ጥርስ ላይ ልታርፍ ትችላለች።

የሚጎትቱ መሣሪያዎች

መነሻ ላይ ለሚዘገይ ሰው የሚጎተት ጭነት ከሯጩ ኋላ ከሚታሰር ፓራሹት ይሻላል። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን ፓራሹት በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ብዙም አይይዝም፤ የቅልጥፍና ሩጫ ደግሞ ያው ጥቂት ሜትር ነው። ነፋስ ሲኖርም ሯጩን ወደ ጎን ይስበዋል። ጭነቱን በኪሎ ሳይሆን በሰዓት ይለኩ፤ ያው ክብደት ሳር ላይና ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ እኩል አይከብድምና። ሠልጣኙ 20 ሜትርን ባዶውን በ3.20 ሰከንድ ከሮጠ፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ 3.55 አካባቢ ይሆናል። ሩጫው ሳይበላሽ ለመሥራት ይህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለመነሻ ጉልበት ብቻ ሲሆን ከዚያ በላይ ሊጫን ይችላል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ግን የእርምጃን ምት ስለሚያዛባ ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

ወገብ ላይ ታስሮ የሚሳብ ላስቲክ ሲገዛ ላስቲኩ በጨርቅ የተሸፈነ ይሁን፤ ቢበጠስ ሽፋኑ ጅራፍ እንዳይሆን ይይዘዋል። ቀበቶው ሰፊ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ማንጠልጠያው ተቆላፊ ይሁን። ክፍት መንጠቆ ላስቲኩ ሲላላ ይወልቃል፣ ሲወጠር ደግሞ ይወነጨፋል።

ሰዓቱና እረፍቱ

በእጅ የተያዘ ሰዓት ያታልላል። በአትሌቲክስ የ100 ሜትር የእጅ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት በዚህ ምክንያት ነው። በ5 ሰከንድ ልምምድ ላይ 0.1 ሰከንድ «መሻሻል» የአውራ ጣት ስህተት ሊሆን ይችላል። ስልክን በማቆሚያ መስመሩ ትክክል አቁሞ መቅረጽ የተሻለ ነው፤ በሰከንድ 60 ምስል ሲቀረጽ አንዱ ምስል 0.017 ሰከንድ ያህል ነው። ሦስት ጊዜ አስሩጠው መካከለኛውን ይያዙ።

አንዱ ድግግሞሽ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ፤ 6 ሰከንድ ለሠራ ቢያንስ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እረፍት ይሰጥ። እንዲህ ላለ አጭርና ኃይለኛ ሥራ ጡንቻ የሚጠቀምበት ፎስፎክሬቲን በግማሽ ደቂቃ ግማሽ ያህል ብቻ ይመለሳል፤ ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋል። እረፍት የተነፈገ የቅልጥፍና ልምምድ የትንፋሽ ልምምድ ይሆናል፣ የደከመ እግርም ጉልበቱን ወደ ውስጥ ይጥላል። ሠልጣኙ ከራሱ ጥሩ ሰዓት በ5 በመቶ ያህል ከዘገየ ለዚያ ቀን በቃው።

የግዢው ቅደም ተከተል እንግዲህ በእኛ እምነት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሜትርና በሦስት ቀለም ኮን፣ አራት የቴኒስ ኳስና የመዝለያ ገመድ። ቀጥሎ መሰላል፣ ከዚያ ስድስት መሰናክል። የሚጎተት ጭነትና ላስቲክ ሠልጣኙ በወጉ ማቆም ከቻለ በኋላ ይምጣ፣ መብራት ደግሞ የተረፈ ገንዘብ ካለ። ላስቲኩን በየልምምዱ መጀመሪያ ሽፋኑን ገልጠው፣ ሳብ አድርገው ርዝመቱን ሁሉ በጣት ይዳስሱት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከማንጠልጠያው አጠገብ ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጦ መቋጠር አይበጅም። ቋጠሮው ራሱ ላስቲኩን ይበላዋልና፣ ሁለተኛ ሰው እንዳያነሳው ቆራርጦ መጣል ነው።